ቀንድ አውጣዎቹን በልቶ ጨረሳቸው፤ አልጌውን ማን ያጽዳው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ለምኖ ለምኖ ፒኮክ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ ገዛንለት። ስሙን ታይሰን ብሎታል። ገንዳው 40 ጋሎን ነው፤ ዓለትና አሸዋ እንጂ ኮራል የለበትም። አሁን ዓለቱን በሙሉ አረንጓዴ ፀጉር የሚመስል አልጌ ወረሰው። የሸጡልን ሰዎች ቀንድ አውጣ ጨምሩበት አሉን፤ ጨመርን። ታይሰን አንድ በአንድ ሰባብሮ በላቸው። ዛጎላቸውን ጉድጓዱ ደጃፍ ላይ ከምሮታል። የምንጠቀመው የቧንቧ ውሃ ነው፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አደርግበታለሁ። መብራቱ ልጄ ጠዋት ሲነሳ ይበራል፣ ማታ ሲተኛ ይጠፋል። አልጌ ይመገበዋል የሚባለውን ፎስፌት ስለካ ዜሮ ይለኛል። ታዲያ ይሄ አልጌ ምን እየበላ ነው የሚያድገው? አልጌ ማጥፊያ መድኃኒት ልግዛ ወይስ አልጌ የሚበላ ዓሣ?
የልጁ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመድኃኒቱ ልጀምር፤ ከጠየቁኝ ሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አልጌ ማጥፊያ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው። ዓሣ መዳብን በመጠኑ ይችለዋል። ማንቲስ ሽሪምፕ ግን በጥቂቱም ይሞታል። ለዓሣ በሽታ የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው። እባክዎ የትኛውንም ጠርሙስ ጀርባውን ሳያነቡ ወደዚያ ገንዳ አያስጠጉ። መዳብ ዓለቱና አሸዋው ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ውሃ በመቀየር ብቻ አይገላገሉትም።

ዓሣውንም ይተዉት። ታንግ የሚባሉት አልጌ በሎች 40 ጋሎን ይጠባቸዋል። ብሌኒ ትንሽ ነው፤ ግን ድንጋይ ላይ ተጋድሞ የሚውል ዓሣ ነው፣ ያውም በታይሰን ደጃፍ። ቀንድ አውጣና ሸርጣን ማስገባትማ ሥጋ ለጅብ አደራ መስጠት ነው። ፒኮክ ማንቲስ የተፈጠረው ዛጎል ለመስበር ነው፤ ክንዱ በሴኮንድ እስከ 23 ሜትር ፍጥነት ይወነጨፋል። ለእሱ በጣም ትንሽ የሆኑት፣ ዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖሩት አምፊፖድና ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ እንስሳት ግን አይጎዱም። እነሱ ትንሽ ትንሽ ያግዛሉ። ዋናውን ሥራ የምትሠሩት እርስዎና ልጅዎ ናችሁ።

አሁን ወደ ዜሮዋ እንምጣ። መመርመሪያው የሚለካው ውሃው ውስጥ የቀረውን ፎስፌት ነው። አልጌው የበላውን አይቆጥርም። ዓለቱ እንዲህ ለብሶ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ፣ ፎስፌቱ ገና ሲገባ አልጌው እየበላው ነው ማለት ነው።

ከየት ይገባል? አንደኛ፣ ከቧንቧዎ። የአርሊንግተን ውሃ የሚመጣው ዲሲን ከሚያጠጣው ከዋሽንግተን አኳዳክት ነው። እዚያ ከ2004 ጀምሮ ውሃው ላይ ኦርቶፎስፌት ይጨመራል። የድሮ ቧንቧዎች ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት ወደ ውሃው እንዳይለቁ ነው። ለእኛ ለምንጠጣው ጥሩ ነገር ነው፤ ለአልጌ ደግሞ ማዳበሪያ። የክሎሪን ጠብታው ፎስፌቱን አይነካውም። ከሁሉ የሚብሰው በተነነው ምትክ የሚጨምሩት ውሃ ነው። ውሃው ይተናል፣ ፎስፌቱ ይቀራል። በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል። ስለዚህ ለመድኃኒትና ለዓሣ ያሰቡትን ብር አር ኦ ዲ አይ ለሚባለው፣ ፎስፌቱን ለሚያስቀረው የውሃ ማጣሪያ ያውሉት። ከኩሽና ሲንክ ሥር ይገጠማል። እስኪገዙ ድረስ የባሕር ዓሣ የሚሸጡ ብዙ ሱቆች የተጣራ ውሃ በጋሎን ይሸጣሉ።

ሁለተኛ፣ ከምግቡ። አልጻፉልኝም እንጂ ልጅዎ ታይሰን ሲመታ ለማየት በየቀኑ የሚያበላው ይመስለኛል። ልጅ ነውና አይፈረድበትም። ግን አንድ ትልቅ ማንቲስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቢበላ ይበቃዋል። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ሲሰጡት መጀመሪያ ያቅልጡት፣ በተጣራ ውሃ ያለቅልቁት፣ ጭማቂውን ይድፉት። ያ ጭማቂ ፎስፌት አለበት። የተረፈውን በዚያው ምሽት ያውጡ። ደጃፉ ላይ የተከመረው ዛጎልም ይውጣ፤ ውስጡ የቀረው ሥጋ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ በረጅም ማንሻ እንጂ በእጅ አያድርጉት። ልጅዎም እጁን አያስገባ። ጣት ይሰነጥቃል።

መብራቱን ቢቆርጡ ታይሰን ራሱ ያመሰግንዎታል። ፒኮክ ማንቲስ በተፈጥሮው ጉድጓድ ውስጥ የሚውል እንስሳ ነው። ብርቱ ብርሃን ለቅርፊት በሽታ ያጋልጠዋል የሚሉ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ኮራል ያለው ሰው መብራት መቀነስ ያሳስበዋል። እርስዎ ኮራል የለዎትም። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ከመጣ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል፣ ለዘብ ብሎ ይብራ። ከዚያ ይጥፋ። ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ገዝተው ቢሰኩበት ክርክርም አይኖርም።

ያለውን አልጌ ደግሞ እንንቀለው። ታይሰን የማይኖርበትን ዓለት ያውጡና ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት፤ ዓለቱ ላይ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ቤቱ የሆነውን ዓለት ግን አይንኩት። እዚያ ያለውን አልጌ በማንሻ እየነቀሉ፣ ፍርፋሪው እንዳይበተን ወዲያው በቀጭን ቱቦ ይሳቡት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው ሃያ በመቶ ያህሉን ይቀይሩ።

ከዚህ በኋላ ገንዳውን ለሦስት ቀን በብርድ ልብስ መሸፈን ይቻላል። ታይሰንን አይጎዳውም። ግን መጀመሪያ በእጅ የሚነቀለው ይነቀል። ብዙ አልጌ በአንዴ ሲሞት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፑ እንዳይጠፋ። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ውሃ ይቀየር።

አንድ ነገር አደራ። ታይሰን መብላት አቁሞ የጉድጓዱን በር በድንጋይ ከዘጋ፣ ቅርፊቱን ሊቀይር ነው። ያኔ ብሩሹም፣ ማንሻውም፣ መፈተጉም ይቁም። አልጌው ሁለት ሦስት ሳምንት ቢጨምር ምንም አይደል። በለስላሳ ገላው እያለ መረበሽ ግን ሊገድለው ይችላል።

ለዘለቄታው የምወደው መላ ኬቶ የሚባለው አልጌ ነው። ገንዳው ጀርባ ላይ በሚንጠለጠል ሣጥን ወይም ሳምፕ የሚባለው፣ ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ የማጣሪያ ገንዳ ካለዎት እዚያ ውስጥ፣ ታይሰን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። የራሱ ትንሽ መብራት ሌሊት ይበራለታል። የዋናው ገንዳ አልጌ የሚበላውን ይሻማዋል። በበዛ ጊዜ ግማሹን አውጥተው ይጥሉታል፤ ናይትሬት የሚባለው ሌላው የአልጌ ምግብና ፎስፌቱ አብረውት ይወጣሉ። በሳምንት ለውጥ አይጠብቁ። በሁለተኛው ወር ግን ዓለቱ መገለጥ ይጀምራል። የኋለኛው መስታወት ላይ ያለችውን አረንጓዴ ይተዉአት፤ ማንንም አትጎዳም። ዓለቱ ላይ ሐምራዊ ጠንካራ ሽፋን ካዩ ደግሞ ደስ ይበልዎ። እሱ የሚፈለገው ዓይነት አልጌ ነው፤ እንዳይፍቁት።

ጥያቄ፦ እኔም ማንቲስ አለኝ። የእኔ ግን ቀይ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ አሸዋው ላይ እንደ ሽፋን የተነጠፈ ነገር ነው። እሱም አልጌ ነው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ እንጂ አልጌ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወደው ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ቦታ ነው። እንደ ቆዳ ስለሚላጥ በቱቦ መሳብ ቀላል ነው። ከሳብከው በኋላ ፓምፑን ወደዚያ አዙረው። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ከተመለሰ፣ ከአጠገቡ ካለው ድንጋይ ሥር በረጅም ማንሻ ፈትሽ። ብዙውን ጊዜ እዚያ የተወሸቀ የምግብ ትራፊ ይገኛል።