ፊልሜን በኤርፖርት ፍተሻ እንዴት ላሳልፈው?

አንዲት አንባቢ ረጅም ጉዞ አለባት። ስምንት ጥቅል 400 እና ሁለት ጥቅል 3200 ፊልም ይዛለች (ቁጥሩ አይኤስኦ ነው፤ በጨመረ ቁጥር ፊልሙ ለብርሃንም ለጨረርም ስሱ ነው)፤ መንገድ ላይም ትራንዚት አለባት። “ሻንጣዬ ውስጥ ልክተተው ወይስ በእጄ ልያዘው? ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ከረጢትስ ይጠቅመኛል?” ብላ ጠይቃለች።

እህቴ፣ ፊልምሽን ለጭነት በምትሰጪው ሻንጣ ውስጥ በጭራሽ እንዳታስገቢ። እዚያ የሚፈትሸው ማሽን ጨረሩ ኃይለኛ ነው። በዚህ የተመታ ኔጋቲቭ ሲታጠብ ብዙውን ጊዜ እንደ ማዕበል የሚጥመለመል ጠቆር ያለ ሰንበር ያወጣል። ሰንበሩ በፎቶና በፎቶ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሳይቀር ያልፋል። እኛ አጣቢዎች ያን ጊዜ ምንም ልናደርግልሽ አንችልም።

የእጅ ሻንጣ ላይ ደግሞ ወሳኙ የማሽኑ ዓይነት ነው። የድሮው ኤክስሬይ ቀለል ያለ ነው፤ 400 ፊልም ጥቂት ጊዜ ቢያልፍበት ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ ግን ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ትራንዚቱንም መልሱንም ቁጠሪ። 3200ውን በዚህም ቢሆን አታሳልፊ። 400ውን እንደ 1600 ካነሳሽበትም እንደ 1600 ተጠንቀቂለት።

አዲሱ ሲቲ ስካነር ግን ዙሪያውን እየተሽከረከረ ከየአቅጣጫው ነው የሚያነሳው። ፊልም አምራቾቹ ኮዳክም ኢልፎርድም ፊልም በሱ እንዳያልፍ ይመክራሉ። “የኔ 100 ነው፣ ምንም አይለውም” ብለሽ እንዳትዘናጊ። ሲቲ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? “ላፕቶፕ ማውጣት አያስፈልግም” ካሉ፣ ፈታሹም የሻንጣውን ምስል ስክሪኑ ላይ እያገላበጠ ካየ፣ ሲቲ ነው ብለሽ ያዢው።

እና ምን ይሻላል? በእጅ ይፈተሽልኝ በይ። ጥቅሎቹን ከካርቶናቸው አውጪና ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ውስጥ ክተቻቸው። 3200 የሚለው ጽሑፍ ከላይ ይሁን፤ ፈታሹ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሻንጣሽን ማሽኑ ላይ ሳታስቀምጪ በፊት ላስቲኩን በእጅሽ ይዘሽ በትሕትና ጠይቂ። አንዴ ከገባ በኋላ ማስረዳት ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው መርምረው ይመልሱልሻል። ስለዚህ ቀደም ብለሽ ድረሺ፤ የሚቸኩል ፈታሽ እሺ አይልም። በአሜሪካ ተጓዥ ይህን መጠየቅ ይችላል። ሌላ አገር ግን በፈታሹ ፈቃድ ሊወሰን ይችላል። እምቢ ካሉሽ፣ የድሮው ማሽን ያለበት ሌላ መስመር ካለ ጠይቂ።

የእርሳስ ከረጢቱ ላይ ገንዘብሽን አታባክኚ። ፈታሹ ውስጡን ማየት ካልቻለ ወይ ያስከፍትሻል፣ ወይ ደግሞ መልሶ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም የባሰ ነው።

ካሜራው ውስጥ ፊልም አትተዪ፤ ካሜራ በማሽን ማለፉ አይቀርም። አንቺ ራስሽ የምታልፊበት የብረት መፈተሻ ግን ፊልም አይጎዳም። ኢንስታክስ (ፎቶው ወዲያው የሚወጣበት ፊልም) ካለሽም እንደ 800 ፊልም ነውና ከሲቲ አርቂው። ታጥቦ ያለቀ ኔጋቲቭና የዲጂታል ሚሞሪ ካርድ ግን አያሳስቡሽ።

ከተቻለ ከመመለስሽ በፊት እዚያው አሳጥቢው። ካልሆነና አንዱ ጥቅል በሲቲ ካለፈብሽ፣ ላስቲኩ ላይ ምልክት አድርጊበትና ለአጣቢው ንገሪው። ተጨማሪ ፑሽ እንዳያደርገው፣ ማለትም ከመደበኛው ጊዜ በላይ እንዳያጥበው፤ ከጨረሩ የመጣውን ጉም መሰል ጥላ ያብስበታል።