የሰፈራችሁን ታሪክ ከየት እንደምትጀምሪ ለጠየቅሽው እህቴ

አየርላንድ፣ ሮስኮመን ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ገብታችሁ፣ የልጅሽ አስተማሪ «የምትኖርበትን ሰፈር ታሪክ ጽፈህ ና» ብላው ግራ ገብቶሻል። እኔም በልጄ ምክንያት እዚሁ ጣጣ ውስጥ ገብቼ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከ1901 እና ከ1911 የሕዝብ ቆጠራ ጀምሪ። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጦታል። አባወራው የሞላው ቅጽ ራሱ ይታያል። ቤቱ ስንት መስኮት አለው፣ ጣሪያው ሣር ነው ወይ፣ ማን ማንበብ ይችላል፣ አይሪሽ የሚናገረው ማን ነው፤ ሁሉም አለ። የ1911ዱ ያገቡትን ሴቶች ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። እዚያ ዓምድ ላይ ስደርስ ሻዬ ቀዘቀዘ።

እኔ የተሸወድኩት በስም ነው። የከተማውን ስም ብቻ አትፈልጊ፤ ታውንላንዱን ያዢ። እንደኛ ጎጥ በይው። ግን አንድ ስም ብዙ ቦታ ይደጋገማል። ሁለት ማታ ሙሉ የሌላ ካውንቲ ሰዎችን ሳነብ አምሽቻለሁ!

ከ1901 በፊት ያለውን ቆጠራ በመፈለግ አትድከሚ። ከ1821 እስከ 1851 ያለው አብዛኛው፣ መዝገቡ የተቀመጠበት የደብሊኑ ፎር ኮርትስ (የፍርድ ቤቶቹ ግቢ) በ1922 ሲቃጠል ነደደ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አራቱን መንግሥት ራሱ ነው ያስወገዳቸው። በምትኩ የግሪፍዝን የንብረት ግምት እዪ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማን የትኛውን ቤትና መሬት እንደያዘ የሚዘረዝር መዝገብ ነው።

እዚያው ሮስኮመን ያለችው ስትሮክስታውን የምትባል ከተማ ቅርብ ከሆነች ግን ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ጂም ካለሪ የሚባል የአካባቢው ነጋዴ በ1979 የባላባቱን ግቢ ገዛ። ቤቱ ውስጥ የተከማቸ ወረቀት አገኘ። ከመሃሉ ክሉናሂ የሚባል ታውንላንድ ጭሰኞች በታላቁ የአየርላንድ ረሃብ ጊዜ፣ በ1846 የጻፉት አቤቱታ ነበር። ድንቹ በስብሷል፣ እህል የለንም፣ ልጆቻችን ፊታችን በረሃብ ያለቅሳሉ ይላል። ጭሰኛና ባለርስት ምን እንደሆነ ለእኛ ማን ያስረዳናል?

በዓመቱ ባላባቱ ዴኒስ ማሆን 1,490 ሰው ወደ ካናዳ ላከ። ከልግስና እንዳይመስልሽ። ወኪሉ ሲያሰላው መርከብ ማሳፈሩ እዚህ ከመቀለብ ይረክሳል። በሮያል ካናል ዳር ዳሩን በእግራቸው እስከ ደብሊን ሄዱ። ባሕር ላይም፣ ኩቤክ አጠገብ ባለችው ግሮስ አይል ደሴትም ብዙ ሰው አለቀ። ማሆንም በኅዳር 1847 በጥይት ተገደለ። ከ1994 ጀምሮ ግቢው ውስጥ የረሃቡ ሙዚየም አለ።

ልጄ አቤቱታውን ካነበብኩለት በኋላ «ታዲያ ሰጧቸው?» አለኝ። የቤት ሥራውን የጀመረውም በዚሁ ጥያቄ ነው።

የታውንላንዳችሁን ስም ላኪልኝ፤ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አይልሻለሁ።