ቴርሞሜትሩ 94 ሲል ደብተሩ 100

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። ይህን የምጽፈው “ሳይንስ አይሆነኝም” ብላችሁ ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ቋንቋ ወይም ማኔጅመንት ለገባችሁት ነው። የናቹራል ልጆችም ብታነቡት አልከፋም።

ባሕር ዳር ፊዚክስ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። አብዛኛው ዘመኔ ያለፈው መሐንዲስና የሳይንስ መምህር ከሚሆኑ ልጆች ጋር ነው። ወደ ጡረታው ስጠጋ ግን ሳይንስ ዋና ትምህርታቸው ላልሆነ ተማሪዎች አንድ የተግባር ኮርስ እንድሰጥ ተመደብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር ብሎኝ ነበር። እንደ ቅጣት ነው የቆጠርኩት። አሁን ስለ ማስተማር ዘመኔ የሚጠይቀኝ ካለ ግን የማወራለት ስለ እነዚያ ልጆች ነው።

የመጀመሪያው ቀን ውሃ አፈላን። ሌላ ምንም የለም። ስቶቭ፣ ድስት፣ ቴርሞሜትር። “ሲንተከተክ ስንት እንደሚል አንብባችሁ ጻፉ” አልኳቸው። ስምንት ቡድን ነበሩ። ሰባቱ 100 ብለው አስረከቡ። ስምንተኛው መጀመሪያ 94 ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ከጎኑ 100 አድርጎታል።

ባሕር ዳር ላይ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ግፊትም ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙ። እዚህ 94፣ አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው። ራስ ደጀን ላይ ወጥቶ ሽምብራ ልቀቅል የሚል ሰው ካለ ማገዶ በብዛት ይሸከም፤ እዚያ የሚፈላው 85 አካባቢ ነው። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነች ከ100 ትንሽ ያልፋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ውሃው አልነበረም። ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን ትተው መጽሐፉን መጻፋቸው ነው። “ለምን?” አልኩ። “ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎን ነው” አለ አንዱ። ጥሩ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ግን ይፈተሻል። የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ክተቱት፤ ዜሮ ካለ ደህና ነው። ማንም አልከተተውም። አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ዝም ብላ ቆየችና “ይሄ እኮ በእኛ ቤት ሒሳብ ማስተካከል ነው የሚባለው” አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅኩም። ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩትን ቁጥር ጽፌ ኤክስ ተደርጎብኛል። በሚቀጥለው ጊዜ 100 ጻፍኩና ሙሉ ማርክ አገኘሁ። የባሰው የኋላው ነው። መምህር ሆኜም ስንቱን 100 ራይት እንዳደረግኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣሁ። ከመለካታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ። በእርሳስ አይደለም፣ በእስክሪብቶ። ለግምት ማርክ የለም፤ ስቶ መገኘትም አያስቀጣም። ማርክ የሚያስቀንሰው ግምትን ከውጤቱ በኋላ መቀየር ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ባዶ እየተዉ ያስቸግሩኝ ነበር። እንዳይሳሳቱ ፈርተው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተት በቀይ ሲሰመርበት የኖረ ልጅ ምን ያድርግ?

ግምት ጽፎ የለካ ሰው ሲስት ይናደዳል፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅም ይጓጓል። ካልጻፈ ግን ውጤቱን ሲያይ “እኔም እኮ እንዲህ ብዬ ነበር” ይላል። ምንም አላለም።

ሚያዝያ ላይ ግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ ዱላ ተከልን። “ጥላው በጣም የሚያጥረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?” ሁሉም ባንድ አፍ ስድስት ሰዓት አሉ። ጻፉ አልኩ፣ ጻፉ። ከአምስት ተኩል ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረግን። ስድስት ሰዓት ሞላ። ጥላው ማጠሩን ቀጠለ። ስድስት ከሩብም ሆነ፣ ያው ነው። አንድ የሕግ ተማሪ “ዱላው ዘሟል” ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ቱንቢ አምጥተን አየነው፤ አልዘመመም። ከዚያ የስልኩን ሰዓት ጠረጠረ። ጥላው በጣም ያጠረው ስድስት ተኩል ገደማ ነው።

የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። መስመሩ የሚያልፈው በኦጋዴን በኩል ነው። ባሕር ዳር ያለችው 37 ዲግሪ ከምናምን ላይ ነው። ፀሐይ አንዷን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። የሁለቱን ልዩነት በ4 አባዙት፤ 30 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። የሕጉ ልጅ “ታዲያ እስከ ዛሬ ቀትር የምንለው የኦጋዴንን ነው?” አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመሐንዲሶቹ ሰምቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 12 ወይም 13 ላይ ብትሠሩት ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ስድስት ተኩል ላይ የዱላው ጥላ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ጥላችን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ፀሐይዋን ግን በባዶ ዓይን ቀና ብላችሁ እንዳታዩ፤ ጥላው ይበቃል።

ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ የሚባል ሰው በጥላ የምድርን ዙሪያ አስልቷል። አንዱ ቦታው እስክንድርያ ነበር፤ ሌላው የእኛው አባይ የሚያልፍበት አስዋን። ሰውየው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ግጥምም ይጽፍ ነበር። በዛሬው አመዳደብ ሶሻል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። አምስት ሰው በአንድ ቡድን ሲሆን አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ። ሴት ካለች “አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል” ተብላ ጸሐፊ ትሆናለች። ስንት ጎበዝ ልጅ ቴርሞሜትር ሳትይዝ ሪፖርት ስትጽፍ አይቻለሁ። ዕቃው በተራ ይያዝ። ተራችሁን ማንም ቢጠይቃችሁ አትስጡ።

ላብራቶሪ የለንም የሚል ሰበብም አልቀበልም። በሌላ ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ከላውንጅ ነጭ ሳህን ተውሰን የውሃውን ጥራት ልንለካ ጣና ዳር ወረድን። ሳህኑን በመረብ አድርገን ድንጋይ ጨመርንበት፤ በየአሥር ሳንቲሜትሩ በተቋጠረ ገመድም አሰርነው። ከጀልባ መሳፈሪያው ላይ ሆነን ሳህኑ ከዓይን እስኪጠፋ ወደ ውሃው እንለቃለን፣ ቋጠሮ እንቆጥራለን። ነገሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። (ውሃው ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ፤ ቢልሃርዚያ አለ።)

አንዲት የአማርኛ ተማሪ አምስት ሜትር ብላ ገመተች። ሳህኑ አንድ ክንድ ሳይሞላ ጠፋ። ልጅቷ ደነገጠች። “ጣና ቆሽሿል ማለት ነው?” ቆሻሻው አፈር ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ የሚያመጡት። ከጉና ሥር የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ርብና ጉማራ ከዚያ ነው የሚነሱት። ውሃውን ትክ ብሎ አየና “ይሄ እኮ የአባቴ ማሳ ነው” አለ። ከዚያ ማንም ቋጠሮ አልቆጠረም። ቁጭ ብለን ስለ እርከን፣ ስለ ደን፣ ስለ መሬት እስኪመሽ ተጨዋወትን። እኔ ያወራሁት ትንሽ ነው።

ሳህኑ በሦስተኛው ቀን ከገመዱ አምልጦ ሰመጠ። ቋጠሮውን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። “ይይዛል” ብዬም በእስክሪብቶ ጽፌ ነበር፤ ልጆቹ አስገድደውኝ። ለላውንጇ እመቤት ሁለት አዲስ ሳህን ገዝቼ ወሰድኩላት። አንዱን መልሳ ሰጠችኝና “ይሄን ለሚቀጥለው ያዘው” አለችኝ።