የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ኢንፎግራፊክ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምማር የዲዛይን ተማሪ ስሆን፣ ለኮርስ ፕሮጀክቴ ስለ ፋሲል ግቢ የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ኢንፎግራፊክ (መረጃን በሥዕልና በቁጥር የሚያሳይ ቪዲዮ) እየሠራሁ ነው። መረጃው በዝቶብኛል፤ ከሥዕሉ ልጀምር ወይስ ከድምፁ?

መልስ፦ ከድምፁ ይጀምሩ። ትረካውን ጽፈው ጮክ ብለው ሲያነቡት ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ሳይሳሱ ይቀንሱት፤ ዐፄ ፋሲለደስ የጀመሩት ግቢ በተከታዮቻቸው ዘመን እንዴት እየሰፋ እንደሄደ ብቻ ቢያሳዩ ይበቃል። ድምፁ ከተቀረጸ በኋላ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ ከእርሱ ላይ ይወስዳሉ። 900 ሜትር የሚረዝመውን የግቢውን ቅጥር እንውሰድ፦ በሰከንድ 25 ፍሬም (ቪዲዮው የሚገነባባቸው ተከታታይ ነጠላ ምስሎች) የሚሠሩ ከሆነ፣ የቅጥሩ መስመር በ100 ፍሬም፣ ማለትም በ4 ሰከንድ ውስጥ ዙሪያውን ሲሳል፣ ቁጥሩም አብሮት ከ0 ወደ 900 ይውጣ፤ ከዚያም ተመልካቹ እንዲያነበው ሁለት ሰከንድ ያህል ሁሉም ነገር ባለበት ይቁም። ይህን ዕረፍት እባክዎ አይዝለሉት። ጽሑፍም እየተነበበ ሳለ መንቀሳቀስ የለበትም፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ቦታ ስለሆነ፣ ቀጭን ፊደል በስልክ ስክሪን ላይ በቀላሉ ይምታታል። ወፈር ያለ ፊደል መርጠው፣ ሥራውን ከማስረከብዎ በፊት በስልክዎ ይመልከቱት።