ጥያቄና መልስ፦ ቢጫ የሆነ የፊት መብራት

ጥያቄ፦ የቪትዝ መኪናዬ የፊት መብራት ቢጫ ስለሆነ ማታ ወደ ቡሬ ስነዳ መንገዱ በደንብ አይታየኝም። በጥርስ ሳሙና አሽቼው ጠርቶ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ደበዘዘ። ምን ይሻለኛል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የጥርስ ሳሙና ላዩን ያጠራል እንጂ መከላከያ አይተካም። የመብራቱ ሽፋን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ፀሐይ የሚመክት ስስ ቅብ አለው። ቢጫ የሚሆነው ያ ቅብ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲበላሽ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ጨረሩ ከቆላ ይበረታል። ስለዚህ የሞተውን ቅብ ጨርሰው ያንሱና አዲስ ይቀቡ።

መብራቱን በሳሙና አጥበው ዙሪያውን ያለውን የመኪናውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ድርብ አድርገው ይሸፍኑ። የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 800፣ 1500 እና 2000 ይግዙ። ሳሙና ጠብ ባለበት ውኃ እየነከሩ በ800 ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ቢጫ ነው፤ ነጭ እስኪሆን አይተዉት። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌው ቅብ ከቀረ መብራቱ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፣ አዲሱም ቅብ ከላዩ ይላጣል። 800ን ወደ ጎን ካሹ 1500ን ወደ ላይና ወደ ታች ይሹ፤ የቀረው ጭረት ወዲያው ይታያል። 2000 ላይ ይቁሙ። ሽፋኑ ጉም የመሰለ ነጭ ቢሆን አይደንግጡ፤ በኋላ የሚረጩት ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ቅብ) ጭረቱን ሞልቶ ያጠራዋል። በፖሊሽ ያበራ ገጽ ግን ክሊር አይዝም።

በአልኮል ጠርገው ሲደርቅ፣ ማጠንከሪያ ያለውንና አልትራቫዮሌት የሚከላከለውን የመኪና ክሊር ይርጩ። የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል። 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ሁለተኛውን ይድገሙ፣ ለ24 ሰዓት አቧራና ዝናብ አያስነኩት። ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ደጅ ላይ፣ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀ ማስክ አድርገው ይሥሩ። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ስለሚያሰነጥቁ አያስጠጉት። ናፍጣ መቀባትም ለሁለት ቀን አብረቅርቆ አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ የኋላ ስቶፕ መብራቴ በክረምት ውስጡ ይጤዛል። በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አይስተካከልም፤ ችግሩ ውስጡ ነው። መብራቱን ፈትተው ፀሐይ ላይ ያድርቁ፤ የተሰነጠቀውን ቦታ በሲሊኮን ይድፈኑ፣ የደረቀውን ጎማ ይቀይሩ። የእንፋሎት ማስወጫዋን ትንሽ ቀዳዳ ግን አይዝጉ፤ ከተዘጋች ጤዛው ይብሳል። ላዩ ከተጫረ በ2000 ብቻ ጀምረው በፖሊሽ ይጨርሱት፤ ቀይነቱ ከፕላስቲኩ ራሱ ስለሆነ በማሸት አይለቅም።