የድሮ የመኪና መጽሔትና ብሮሸር ይዘህ መቀስ ከማንሳትህ በፊት

ጥያቄህን አየሁት። አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ የመኪና መጽሔት፣ ብሮሸር፣ ማኑዋልና የመንገድ ካርታ እጅህ ገብቷል። ግማሹን ግድግዳህ ላይ ልትሰቅል፣ ግማሹን ፍሬም አድርገህ ልትሸጥ አስበሃል። «ከየት ልጀምር? የትኛውን ልቁረጥ?» ነው ያልከው። ይህን ሥራ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

መቀሱን ለጊዜው አስቀምጠው። ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው የሚያምረውን ገጽ ለመቁረጥ ነው። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውበት ፍለጋ አይመጣም። የሚፈልገው የራሱን መኪና ነው። አባቱ ይነዳት የነበረችውን፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣባትን፣ ወይ ደግሞ አሁን ፈታትቶ እያደሳት ያለችውን። ሞዴሉና ዓመቱ በትክክል የተጻፈለት ተራ ጥቁርና ነጭ ገጽ፣ ምንነቱ ካልታወቀ ባለቀለም ገጽ ቀድሞ ሲሄድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። በመኪናው ስም፣ በሞዴል፣ በዓመት። መጽሔት ከሆነ ቀኑ ያለው ሽፋኑ ላይ ነውና ገጹ ከተነጠለ በኋላ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የመጽሔቱን ስምና ቀን በሌላ ወረቀት ጽፈህ ከገጹ ጋር አስቀምጥ። ገጹ ላይ ግን አትጻፍ።

ስትለይ አንዳንዱ ፈጽሞ የማይቆረጥ ሆኖ ታገኘዋለህ። የጥገና ማኑዋልና የመለዋወጫ ካታሎግ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ዛሬም ይሠሩባቸዋል። ለእነሱ አንድ ገጽ የጎደለው ማኑዋል ፋይዳ የለውም፤ የጎደለው ገጽ ሁሌ የሚፈልጉት ገጽ ነው። ሙሉ ብሮሸርም ሙሉ ሆኖ ይሸጥ። ለመቀስ የሚሆነው ሽፋኑ የጠፋ፣ ግማሹ የተቀደደ፣ ውሃ የነካው መጽሔት ነው። ከእንደዚህ ዓይነቱ ብዙ ቆንጆ ነገር ይወጣል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፦ በመሃል የድሮ ሊብሬ፣ የጋራዥ ደረሰኝ ወይም የኢንሹራንስ ወረቀት ካገኘህ የሰው ስም፣ አድራሻና የሰሌዳ ቁጥር ይኖርበታል። የማታውቀውን ሰው መረጃ አትሽጥ።

ለግድግዳ የትኛው ይሻላል ላልከው የኔ ምርጫ ይኸውልህ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1959 እስከ 1971 የወጡ ፖንቲያክ የተባለው የአሜሪካ መኪና ማስታወቂያዎች ካሉህ እድለኛ ነህ። ሁለት ሠዓሊዎች ናቸው የሠሯቸው። አርት ፊትዝፓትሪክ መኪናውን፣ ቫን ካውፍማን ደግሞ ሰዎቹንና ዙሪያ ገባውን ይሥሉ ነበር። መኪናዋን ከእውነተኛዋ ሰፋ፣ ዝቅ አድርገው ነው የሚሥሏት። ውሸት ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ያምራል! ተቃራኒውን ከፈለግህ በ1959 የተጀመሩት የቮልስዋገን ቢትል ማስታወቂያዎች አሉልህ። ሰፊ ባዶ ቦታ፣ አንዲት ትንሽ መኪና፣ ከታች ጥቂት ጽሑፍ። በዚያ ዘመን ሌላው ሁሉ ትልቅና አብረቅራቂ ሲሆን ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ትንሽነቷን መሸጫ አደረገው። እንዲህ ያለው ገጽ ዕቃ በበዛበት ክፍል ውስጥ እንኳን ለብቻው ይታያል። ካርታውንም አትናቀው። ገልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ1913 ለደንበኞቹ በነጻ ማደል ከጀመረ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በገፍ ስለታተመ ዛሬ ብዙው ውድ አይደለም። እንደልብህ ልትቆርጠው የምትችለው ወረቀት ቢኖር እሱ ነው። ከማኑዋሎች ደግሞ የተበታተነውን ሞተር ከነክፍሎቹ የሚያሳየው ስዕል ከሁሉም በላይ ይፈለጋል። ማኑዋሉ ቀድሞ የፈረሰ ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ።

ልትሸጥ ካሰብክ ኦሪጅናል መሆኑን ማረጋገጥ አለብህ። ጥሩ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የድሮ የቀለም ማስታወቂያ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል። በቤት ፕሪንተር የወጣ ቅጂ ግን ነጠብጣቡ እንደተረጨ ነገር ነው፣ ሥርዓት የለውም። የገጹን ጀርባም እይ። ከመጽሔት የወጣ ገጽ ጀርባው ላይ የሌላ ጽሑፍ ቁራጭ ወይም ሌላ ማስታወቂያ ይኖረዋል። ነጭ ከሆነ ጠርጥር። ሌላው ዘዴ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ነው። ወረቀትን የሚያነጡ ፍሎረሰንት ኬሚካሎች ወረቀት ውስጥ በስፋት የገቡት ከ1950 አካባቢ ወዲህ ነው። የ1930ዎቹ ነው የተባለ ገጽ በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ነገሩ አልጣመኝም በል።

አሁን ወረቀቱ ራሱ። የድሮ መጽሔት ወረቀት ብዙው ከእንጨት የተፈጨ ነው። ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ክፍል ውስጡ ቀርቷል፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። አሲድም አለው፤ ስለዚህ ውሎ አድሮ ይደርቅና እጅህ ላይ ይፈረካከሳል። ይህንን መመለስ አትችልም፣ ማዘግየት ግን ትችላለህ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀል። ኩሽናና መታጠቢያ ቤትም ይቅር። የብሮሸር አንጸባራቂ ወረቀት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ላዩ በሸክላ ዱቄት የተለበጠ ስለሆነ ርሶ ሲደርቅ ገጾቹ ተጣብቀው አንድ ላይ ይቀራሉ። እንዲህ የሆነ ካለህ በጉልበት አትፈልቅቀው፣ ስዕሉ ተነስቶ ይመጣል። የዛገ ስቴፕል ካየህ በጀርባው በኩል ቀስ ብለህ ቀና አድርገህ አውጣው፣ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። ሻጋታ ያለበትን ከሌላው ለይ። አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ ውጭ ላይ በደንብ ካደረቅኸው በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። ሽታው ብቻ ከሆነ ያስቸገረህ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በሳህን አድርገህ አብረህ አስቀምጠው፤ ዱቄቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ብቻ።

ፍሬም ላይ ሦስት ነገር አልደራደርም። ስኮች አይገባም፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይሰርጋል፣ ከዚያ አይለቅም። ላሚኔት አይደረግም፤ አንዴ ከታሸገ መመለሻ የለውም፣ ሰብሳቢ የሆነ ገዢም ዞር ብሎ አያየውም። ወረቀቱ ደግሞ መስታወቱን መንካት የለበትም፤ እርጥበት ከገባ ይጣበቃል። መሃሉ በመስኮት ቅርጽ የተቆረጠ፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን በመሃላቸው አስገባ። ገጹን በኮላ ከመለጠፍ ይልቅ የፎቶ አልበም ማዕዘን ተጠቀም፣ ሲፈለግ ሳይጎዳ ይወጣል። አልትራቫዮሌት የሚያጣራ መስታወት ካገኘህ ጥሩ ነው። ካላገኘህ ጥላ ያለበት ግድግዳ ምረጥ። ልኩንም ፍሬም ከመግዛትህ በፊት ለካ። የድሮዎቹ ትልልቅ መጽሔቶች ገጽ 27 በ35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በኤ4 ፍሬም አይገባም፣ ሰውም ፍሬም እንዳይባክን ብሎ ጠርዙን ይቆርጠዋል። ምነው?

ግድግዳውን በሙሉ ልለብጥ ካልክ ኦሪጅናሉን ስካን አድርገህ ቅጂውን ለጥፍ። በዚያው ልኩ ለማተም 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የነጥብ ብዛት) ይበቃል። ልታሳድገው ከሆነ 600 አድርገው። ስካነሩ የሕትመት ነጠብጣብን የሚያጠፋ ምርጫ ካለው አብራው፣ አለበለዚያ ስዕሉ ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ይወጣል። የጠረጴዛ ገጽ፣ ሳጥን ወይም መሳቢያ በወረቀት ስትለብጥ መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ላይ ኮላውን ሞክር። ወረቀት ሲርስ ይሰፋል። ኮላውን ቀብተህ ጥቂት ደቂቃ ካልጠበቅኸው ከተለጠፈ በኋላ ይሸበሸባል። ከመሃል ወደ ዳር እየገፋህ አየሩን አስወጣ። ሲደርቅ ቫርኒሹን በስሱ ደራርብ። የመብራት ሼድ ለመሥራት ካማረህ አምፖሉ ኤልኢዲ ብቻ ይሁን፤ ደረቅ አሮጌ ወረቀትና የሚግል አምፖል አይቀመጡም። ከቁርጥራጩ የመጽሐፍ ዕልባት፣ ፖስታ፣ የማስታወሻ ደብተር ሽፋንና የፍሪጅ ማግኔት ይወጣል። ማግኔቱ ከሁሉም ይቀላል። የብርጭቆ ማስቀመጫ ግን ብዙ አልወደውም፤ ውሃ የማያስገባ አድርጎ መጨረስ አድካሚ ነው።

የመሸጥ መብት ጉዳይ ላይ ሰው ይደናገራል። በእጅህ ያለውን ኦሪጅናል ገጽ መሸጥ አንድ ነገር ነው። ስካን አድርገህ መቶ ፖስተር ማተም ሌላ ነገር ነው፣ የቅጂ መብት ያስነሳል። በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ማስታወቂያ ነጻ ነው፤ 95 ዓመት ላልሞላው የእያንዳንዱን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ሌላ አገር ደንቡ ይለያል። እዚያው አሜሪካ የታተመ ስዕልን ሴራሚክ ላይ ለጥፎ መሸጥ ይቻላል ወይ በሚለው ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ አንዱ በ1988 ሌላው በ1997፣ ተቃራኒ ውሳኔ ሰጥተዋል። እንግዲህ ቀላል የሚመስለው ነገር ዳኛም ያጨቃጭቃል። የመኪና ኩባንያ አርማ ነጥለህ ኩባያና ቲሸርት ላይ ማተም ደግሞ በንግድ ምልክት ያስጠይቃል፣ እሱን ተወው።

ስትሸጥ የገጹን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሳ፣ እንከኑንም አሳይ። የመጽሔቱን ስም፣ ቀኑን፣ የመኪናውን ሞዴልና የገጹን ልክ ጻፍ። ቅጂ ከሆነ ቅጂ ነው በል። ስትልክ የደረቀ ወረቀት አትጠቅልል፣ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክ ከረጢት ከትተህ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ጠፍጣፋ አድርገህ ላከው። ካርቶኑ ከገጹ በየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ በጉዞ ላይ የሚታጠፈው ሁሌ ጥጉ ነው።