መልስ፦ ነን-ካፌ ነኝ፣ ብሩ ወር አይደርስልኝም

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነን-ካፌ እንደሆንሽ፣ ማለትም በግቢው ካፌ መብላት ትተሽ የምግቡን ብር በእጅሽ እንደምትቀበዪ፣ ከመንዝ የሚላክልሽ ብር ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ ጽፈሻል። አባካኝ ሆነሽ አይመስለኝም። ብሩ በአንዴ ይመጣል፣ በጥቂት በጥቂቱ ሳይታወቅ ይሄዳል።

ስለዚህ ሁሉንም ቴሌብር ላይ አታስቀምጪው። ባንክ ይግባ። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ብቻ ወደ ስልክሽ አዙሪ። ሐሙስ ላይ ካለቀ ምን እንደበላው ያኔውኑ ታውቂዋለሽ። የስልክ ብድር ግን ለምሳ ብለሽ አትንኪ፤ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ የሚቀጥለውን ሳምንትም ይበላብሻል።

ዩኒቨርሲቲው ለምግብ የሚሰጥሽ ብር ወጪ መጋራትሽ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ተመርቀሽ ከደሞዝሽ የምትከፍዪው ነውና ለሌላ ነገር አታውዪው። ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ከምግብ ቤት ጋር የምግብ ኮንትራት ብትይዙ ይሻላል። ካልሆነ ወደ ካፌ መመለስ ምንም ነውር የለውም።

ከቤት ደግሞ ብር ብቻ አትጠብቂ። በሶና ቆሎ ይላኩልሽ። ማታ ስታጠኚ ሲርብሽ አንድ ጭብጥ በሶ ከሻይና ከብስኩት የበለጠ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳር ብርዷን ታውቂዋለሽ። አዲስ ብርድ ልብስ ከመግዛትሽ በፊት የመንዝ ባና ይምጣልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰብሽ ገበሬ ከሆኑ እጃቸው የሚፈታው እህል ከተወቃ በኋላ ነው። በጥር ከሚልኩልሽ ላይ ለግንቦት ቀንሰሽ አስቀምጪ፤ ያኔ እነሱም ለዘርና ለማዳበሪያ ይጨነቃሉ። ኮንትራት ስትይዢ ደግሞ የወሩን ሙሉ ቀድመሽ አትክፈዪ፣ በሳምንት ተስማሚ።